ሃያ ሦስት ቋጠሮ

መንገድሽ ካርታው ላይ ገባ። የሸንተረሩ መንገድ፣ ያ አንቺ ብቻሽን የወጣሽው፣ እኔ ደግሞ «የለም» ያልኩት፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጂፒኤስ የያዘ ሰው ሁሉ ያየዋል። በስልኬ አሥር ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ስልኬ እያታለለኝ እንዳይሆን ብዬ የጎረቤቴንም ተበድሬ አየሁ። አለ።

ውድ ሲስተር፣

ሰላምታ እንደሚቀድም አልጠፋኝም፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። እንደምን አለሽ? ቁስሉስ እየጠገገ ነው? ይህን ስጠይቅሽ ትደነግጪ ይሆናል። አዎ፣ የልብሽን ነገር አውቃለሁ። ልጅሽን አትቆጪያት፤ እንዴት አድርጌ እንዳወጣጣኋት ስነግርሽ ለእሷው ታዝኚላታለሽ።

አራት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን እንዲህ ስለፈልፍ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ትያለሽ። አይፈረድብሽም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ብርሃን ላይ ይዤ አገላብጠው ነበር። ስለዚህ የእኔን በኩል ከነገመናው ልንገርሽ።

የፓርኩን የእግር መንገዶች እየሄድን መዝግበን ካርታ ላይ እናስገባ ብለን በበጎ ፈቃድ ስንሰባሰብ፣ ዱካ የማጽዳቱን ሥራ ለእኔ የሰጠኝ ሰብሳቢያችን መምህሩ ነበር። «ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር ታውቃለች» ብሎ። እውነቱን ነው። እናንተ በየቅዳሜው መሣሪያውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ እኔ ከስፌት መኪናዬና ከግድግዳው መሀል ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሄዳችሁበትን መስመር አያለሁ። ሰው ሲሄድ መስመሩ ይሄዳል። ሰው ሲቆም ግን መሣሪያው ዝም ብሎ አይቆምም፤ አንዴ እዚህ ነው፣ አንዴ እዚያ ነው እያለ ይዋልላል፣ መስመሩም እንደ ተወሳሰበ ክር ይቋጠራል። ሥራዬ ያንን ቋጠሮ እየፈለጉ ማጥፋት ነበር። በዚያውም የሁላችሁን ጉድ አውቅ ነበር። መነጽር ሠሪው «ሲጋራ ትቻለሁ» ብሎ ለሚስቱ በማለ ማግስት፣ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ የሰባት የሰባት ደቂቃ ቋጠሮ ነበረው። «መርማሪዋ» ያላችሁኝ ያለ ነገር አልነበረም።

አልፎ አልፎ እኔም አብሬያችሁ ስወጣ የራሴ ቋጠሮ ነበረኝ። ያ ሜዳ ለሜዳ የሚሄደው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ መቆሜን መነጽር ሠሪው ቆጥሮ፣ «ሱቅ እየከፈትሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» ሲል ሁሉም ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ከሁሉም ሳቅ ውስጥ የተረፈኝ ያንቺው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የሸንተረሩን መንገድ ያመጣሽው። ስከፍተው ታጥቦ የተተኮሰ ጨርቅ መሰለኝ። አንድ ቋጠሮ የለውም። በየነጥቡ ላይ የሚመዘገበው ሰዓትም ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። እኩያዬ ነሽ፤ እንዲያውም በአንድ ዓመት ትበልጪኛለሽ። ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ያውም ወጣቶቹ የሸሹትን፣ አንዴም ሳትቆሚ? ሳምንቱን ሙሉ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሳመነዥክ ሰነበትኩ። የአንድ ደንበኛ ሱሪ እንኳ አንዱን እግር አሳጥሬ ሌላውን ረስቼዋለሁ። መጀመሪያ «ቤቷ ተቀምጣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ላይ ሥላው ነው» አልኩ። ቀጥሎ «የመምህሩን ቦታ ፈልጋ ነው» አልኩ። በመጨረሻ «እኔን ለማሳፈር ነው» አልኩ። እውነቱን ንገሪ ካልሽኝ፣ ከሦስቱ ያመንኩት የመጨረሻውን ነበር። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በመነጽር ሠሪው ጓዳ የተሰበሰብን ቀን፣ ያ ትልልቁ ፊደል ከላይ ትንንሹ ከታች የተጻፈበት የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ። «ይህን መንገድ ማንም አልሄደበትም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሣለ ነው» አልኩ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «ማስረጃሽ?» አለኝ። «አለመቆሟ» አልኩት። ሁሉም ወደ አንቺ ዞሩ። «ቆሜ ነበር» ብትዪ ያልቅ ነበር። አንቺ ግን መሣሪያውን ከአንገትሽ አውልቀሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽና «አንቺ ያልተቋጠረ ነገር አይዋጥልሽም» ብለሽኝ ወጣሽ። በሩን እንኳ አልጠረቀምሽውም። ቀስ አድርገሽ ነው የዘጋሽው። እኔም «አየህ፣ ጥፋተኛ ባትሆን ትጮህ ነበር» አልኩት ለመምህሩ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ልጅሽ ከተማ መሄድሽን ስሰማ ደግሞ አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ሸሸች አልኩ። መንገዱም ከካርታው ወጣ። ስምሽ ሲነሣ ሰዉ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ።

እዚያ ላይ ልተወው እችል ነበር፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ አልተወኝም። ባለፈው ወር መነጽር ሠሪው ዘንድ ሄጄ መሣሪያሽን ከመሳቢያው፣ ከተሰባበሩ ፍሬሞች መሀል አወጣሁት። አስቤ የነበረው ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አንቺን ነፃ ለማውጣት ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ውሸት ነው። ሱቄ ወስጄ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ለእኛ የሰጠሽን የታጠበውን ነበር፤ ያልታጠበው ግን እዚያው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከነሰዓቱ። ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ ሃያ ሦስት ቋጠሮ። ትልቁ ሃያ ስድስት ደቂቃ።

እና ምን አሰብኩ መሰለሽ? እሰይ፣ ሄዳበታለች አልኩ? የት አባቴ። «ከማን ጋር ነው የምትቆመው?» አልኩ። ለባለቤቴ አሳየሁት። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየና፣ «ሃያ ሦስት ወንድ ተራራ ላይ ተሰልፎ ጠበቃት ነው የምትዪው?» አለኝ።

«አንድ ሰው ሃያ ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ሴት፣ ሂጂና እይው፤ እኔን ግን አታድርቂኝ።»

ሄድኩ። ለምስክር ይሆናል ብዬ መነጽር ሠሪውን ይዤ። ከፓርኩ በር ጀምሮ መሣሪያሽን እንደ ሻማ ከፊቴ ይዤ፣ አንቺ በቆምሽበት ሁሉ እየቆምኩ። መንገዱ አለ፣ ሲስተር። ከእያንዳንዱ እርምጃዬ ሥር ነበረ። አንቺ ያልሽበት ቦታ ታጠፈ፣ አንቺ ያልሽበት ቦታ ጠበበ። ያኔውኑ ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ገና የሰው ዱካ፣ የወደቀ መሐረብ እፈልግ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቋጠሮዎች ሦስት መቶ እርምጃ ይራራቃሉ። ከስድስተኛው በኋላ መቶ ሆነ። ከዘጠነኛው በኋላ አርባ፤ ከዚያ ሃያ አምስት። በየአንዳንዱ ላይ ወይ የጉልበት ቁመት ያለው ድንጋይ አለ፣ ወይ የሚያስቀምጥ የዛፍ ሥር። «የሚታይ ነገር እኮ የለም» አልኩ አሥራ አራተኛው ላይ። «ቁጥቋጦ ነው ፊት ለፊቷ ያለው። እዚህ ቁጭ ብላ ምን ታያለች?» መነጽር ሠሪው እንደ እኔው እያለከለከ ዛፍ ተደግፎ ነበር። «ይሄ ሰው የሚያይበት ቦታ አይደለም» አለኝ። «የሚተነፍስበት ቦታ ነው።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጎንበስ እያልሽ የጫማ ክር የምታስሪው ነገር ትዝ አለኝ። በየመቶ እርምጃው ታስሪ ነበር፤ እኔ ክሩ አዳላጭ ነው ብዬ ከሱቄ ሌላ ሰጥቼሽ ነበር፤ እሱንም ማሰር ስትቀጥዪ ደግሞ «ስጦታዬን ንቃ ነው» ብዬ ጠርጥሬሻለሁ። የሁላችንን ደም ግፊት ከጉዞ በፊት የምትለኪ አንቺ፣ የራስሽን አንድ ቀን በፊታችን አለመለካትሽንም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሁሉን ነገር ጠርጥሬ ትክክለኛው ብቻ አመለጠኝ። ቋጠሮሽን ያጠፋሽው እኔ እንዳላይብሽ ነው። ጤና የጎደለው ሰው ብቻውን አይወጣም የሚለውን ደንብ መምህሩ ቢያነብብሽ የመጨረሻሽ እንደሚሆን ታውቂ ነበርና፣ ውሸታም መባሉን መረጥሽ።

በማግስቱ ልጅሽ ዘንድ ደወልኩ። «እናቴ ተኝታለች» አለችኝ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር። ተጠራጠርኩ። «ደግማ ተኛች?» አልኳት ከሰዓት በኋላ መልሼ ደውዬ። «ሰው ይተኛል፣ እትዬ።» በሦስተኛው ቀን «ሐኪሙ ምን አለ?» ብዬ እንደሚያውቅ ሰው ጠየቅኳት። «ማን ነገረዎት?» አለች። አለቀ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገልሽ አምስተኛ ቀንሽ እንደሆነ፣ ልብሽ አሁን እንደ ሰዓት ሳያዛንፍ እንደሚመታ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። «ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። በተለይ ለእርስዎ» አለችኝ። በተለይ ለእኔ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ዋልኩ።

ከዚያ በቀጣዩ ስብሰባ ያው ሰሌዳ ሥር ቆምኩ። «ይህን መንገድ አንድ ሰው ሄዶበታል። ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሕመምሽን ግን አልነገርኳቸውም፤ እሱ ያንቺ ነው። መነጽር ሠሪውም ምን እንደገባው አላውቅም፣ አፉን ይዟል። መምህሩ እንደ ልማዱ «ማስረጃሽ?» አለ። ያንቺን ዱካና የእኔን ዱካ አንዱን በአንዱ ላይ አደረግኩለት። ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ። ሁለት ሰው የሄደበት መንገድ ይገባል የሚለው ደንብ ስላለ ገባ። መምህሩ ከመነሣቱ በፊት «ቋጠሮዎቹን አጽጂያቸው» ሲለኝ «የዚህን መንገድ አላጸዳም» አልኩት። አሁን ዘጠነኛው ጋ፣ አሥራ አራተኛው ጋ፣ ሁሉም ጋ ትንሽ የማረፊያ ምልክት አለ። ዳገቱን ያየ ሰው ቀድሞ ያውቃል፣ የት እንደሚቀመጥ።

በዚህ አላበቃሁም። የፓርኩ ኃላፊ ቢሮ ሄጄ አግዳሚ ወንበር ጠየቅኩ። «ስንት?» አለ። «ሃያ ሦስት።» «ሁለት።» «ጌታዬ፣ እርስዎ ወጥተው ያውቃሉ?» አልኩት። ወጥቶ አያውቅም። ሰባት ላይ ተስማማን፤ ቶሎ ስለፈረመ አላመንኩትምና ወረቀቱን እዚያው ፎቶ አነሣሁት። አናጢውንም ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። አምስቱ ቆመዋል፣ ሁለቱ ቀለም ላይ ናቸው።

ይቅር በይኝ ብዬ በደብዳቤ አልጨርስም፤ ፊትሽን እያየሁ ነው የምለው። ልለምንሽ ስቀርብ ደግሞ የተናደድሽ መስለሽ ብትታዪኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠረጥርም፤ መናደድሽ ሐቅ ነው። ወንበሮቹን እንድታዪ ወደ ፓርኩ እየጠራሁሽ ነው፤ ላለመምጣት ሰበብ እያዘጋጀሽ እንደሆነም አውቃለሁ። ልጅሽን ጠይቄአለሁ፤ ሐኪሙ ሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ዳገት ላይ ትንሽ ትንሽ ፈቅዷል። የመጀመሪያው ወንበር ከበሩ ሦስት መቶ ዐሥር እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ በላይ እኛ እንወጣለን፣ አንቺ ተቀምጠሽ ትጠብቂናለሽ። ልጅሽ ከነልጆቿ፣ መምህሩ፣ መነጽር ሠሪው ከነሚስቱ፣ የእኔም ሰውዬ ጋዜጣውን ጥሎ፣ ስምሽ ሲነሣ ጣራ ያየ ሰው ሁሉ ሳይቀር እንዲመጣ ነግሬአለሁ። ቀሪ ካለ ስሙን እይዛለሁ። መርማሪሽ በሩ ላይ ቆማ ትቆጥራለች፦ የወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።