የኮርማው በር

ይድረስ ለሩቁ ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ከረመ? እኛ ከነከብቶቻችን ደህና ነን። ከላሞቹ አብዛኞቹ አርግዘዋል፤ ዘንድሮ ወተት እንደ ጉድ ነው የሚታለበው።

ኮርማውን ወይፈን ሳለ ነው የምታውቀው፤ አሁን አንገቱ ግንድ አክሏል። አባትህ ፊት ግን እንደ ጥጃ ነው።

የአባትህን ሕግ መቼም አትረሳውም፤ "ኮርማ ከገዛ ልጆቹ ጋር አያድርም፤ ዘር ይበላሻል" እያለ ነው ያሳደገህ። ሰሞኑን ታዲያ ሁለቱን ጊደሮች ራሱ ነድቶ ወደ ኮርማው በረት አስገባቸው። "ምነው፣ ልጆቹ አይደሉም እንዴ?" ብለው፣ "እነዚህማ አሁን የገዛናቸው ናቸው" አለኝ። በገዛ እጁ ያዋለዳቸውን ጊደሮች ነው እንዲህ የሚለኝ። ደግነቱ ኮርማው ሳይነካቸው አወጣኋቸው።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም። "ባለሥልጣን ሆንሽ" እያለ ይስቅብኛል። የትኛዋ ላም ኮርማ እንደፈለገች እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይነዳል፣ እኔ እከፍታለሁ። በዚህ አያያዛችን በሬ ወለደ ካልተባለ በቀር ከመንደሩ የሚስተካከለን የለም።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። ላሞቹ ሲወልዱ ግን ብቅ ብትል ደስ ይለናል፤ ብትችል ከዚያም ቀደም በል። አባትህ ሰላም ብሎሃል፤ በደህና ያገናኘን።

ስትመጣ ደግሞ ዝም ብለህ ዘው እንዳትል። በሩ ላይ ቆመህ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ የማን ልጅ እንደሆንክም ጨምርበት። ኮርማው እንግዳ ሰው አይወድም።

የምትናፍቅህ እናትህ