ውሻዬ አላወቀኝም ያለችው ሴትዮ

ዶንግጋንግ፣ እሑድ

ውድ አክስቴ ቢዩ፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደሌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ቢሄድብሽ፣ ትምህርቱን ሳልጨርስ የተውኩት እኔ ነኝ እንጂ እስክሪብቶው ምንም አላጠፋም። የምጽፈው በአፍ መከራከሩ ስላቃተኝ ነው። ደክሞኛል።

ያቺ በሬዲዮ የምትሰሚያት፣ «በክኒኑ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ» የምትለዋ የታይናን ከተማ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት የምንጠግንበት ቤት ሥራ ጠፍቶ፣ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ላስቅ ብዬ መድኃኒት ሻጩ ሬዲዮ ጣቢያ ደወልኩ። ድምፄን አቅጥኜ፣ «መምህር ኮንግ፣ እጅዎ ይባረክ! ከገበያ ስመለስ ውሻዬ አላወቀኝም፤ ጮኾ ጮኾ ባሌን ቀሰቀሰው። እሱም ሌባ መስዬው መጥረጊያ ይዞ ወጣብኝ» አልኩ። ክኒኑን በሬዲዮ የሚሸጠው ሰውዬ በሳቅ ፍርስ አለ። ክኒኑን እንኳ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ ቀድተውታል፤ ይኸው እስከ ዛሬ በቀን ሦስቴ በዘፈን መሀል ያሰሙታል።

ለልጅሽ ሠርግ ያሰፋሽው ቀሚስ ጎንሽ ላይ አልዘጋ ቢልሽ ክኒኑን መግዛትሽን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። «ለምን አመንሻቸው?» ስልሽ፣ ዓሣ መሰንጠቅሽን እንኳ ሳታቆሚ መለስሽልኝ።

«እነዚያን በሬዲዮ ሐኪም ነን ባዮች መች አመንኩ? ያመንኩት ሴትዮዋን ነው። መዋሸት የፈለገ ሰው ራሱን ያሳምራል እንጂ፣ ውሻዬ ጮኸብኝ፣ ባሌ መጥረጊያ አነሳብኝ ይላል እንዴ?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«ሂድ ወዲያ! በውሸት ጎርፍ መጣ ብለህ ሠላሳ ሳጥን ዓሣ ወደ ፎቅ ያሸከምከኝ አይደለህ?»

እዚያው ቆሜ በሴትዮዋ ድምፅ አንድ በአንድ አወራሁልሽ። እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽና፣ «አቤት አቤት! ቁርጥ እሷን!» አልሽ። ጎረቤት ጠርተሽ አስደገምሽኝ። ሳቅ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ጣቢያውም ደውዬ ሴትዮዋ እኔ ነኝ ብያለሁ። ስልክ ያነሳችው ልጅ፣ «ወንድም፣ እኛ ጋ ያለው የሴት ድምፅ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። በሴትዮዋ ድምፅ መልሼ ስደውል ግን፣ «እማማ! አሁን ደግሞ ስንት ኪሎ ደረሱ?» አለችኝ። ውሸት ነው ማለት ስጀምር መስመሩ ተቆረጠ።

ቢላ ስትይዥ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። መምህር ኮንግ «ስቡ እየለቀቀ ነው» ይላል፤ አንቺም ያንኑ ትደግሚልኛለሽ። ሐሙስ ዕለት ከበረዶው ሳጥን አጠገብ ወድቀሽ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ። ልብሽ በጀርባሽ በኩል መዳፌን ይደበድበው ነበር። ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ የጠየቅሽው ክኒኑን ነው።

እሺ፣ እኔን አትመኚኝ። ሰው ያመነኝን ቀን እኔም አላስታውስም። ነገ ግን ክኒኑን ሳትውጪ ብልቃጡን ይዘሽ ሆስፒታል ነይ፤ ውስጡ ምን እንዳለ እነሱ ይዩት። ደህና ነው ካሉሽ ዋጪው፤ ሠርጉ ላይ በሰው ሁሉ ፊት አዋርጂኝ፣ ቃል አልመልስም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰኞ ካልመጣሽ ማክሰኞም እዚያው ነኝ።

የወንድምሽ ልጅ
ዩቼንግ