ወፍ ያልነበረበት ደብዳቤህ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ ለላባዬ፤

እንደምን አለህ የኔ ጌታ? ጤናህስ? ያ በክረምት የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይስ እሱም ኮሌጅ አብሮህ ተመዘገበ? ትበላለህ? እንቅልፍስ? አብሮህ የሚያድረው ልጅ ማንኮራፋቱን ተወ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የአባትህ ወገብ ብርድ ሲሆን ያጉረመርማል፤ የሚያጉረመርመው ወገቡ ይሁን አባትህ ግን እስካሁን አልለየሁም። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

እስካሁን ካላስተዋልክ አስተውል፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። እስከ ዛሬ የሚጽፉልኝ አጎትህ የሉበትም። አትደንግጥ፣ ደህና ናቸው፣ ማንም አልሞተም። ማጠቢያ ቤት አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ጓደኛዬ፣ አንሶላው ላይ የተጻፈውን ሳናነበው ልናረጅ ነው ወይ ብላ ጎትታኝ፣ ከሥራ ስንወጣ በሆስፒታሉ ምግብ አዳራሽ የሚሰጠውን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ለማንም ያልተናገርኩት እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው። መስመሬ ወጣ ገባ ቢልብህ አባትህ የሠራውን የጓሮ ግንብ አስታውስና ይቅር በለኝ። ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዞ የማይደክም እጄ ለአንዲት እስክሪብቶ ዛለ።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። የወፎችንና የእንስሳትን ትምህርት ልምረጥ ወይስ የሂሳብ አያያዝን ብለህ ጠይቀኸኝ፣ በአጎትህ እጅ መልስ ልኬልህ ነበር። አጎትህ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት እንደሠሩ ታውቃለህ። እሳቸው ከመዝገብ ቤቱ ቢወጡም መዝገብ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። እስካሁን ለምንጽፈው ሁሉ ካርቦን እያስገቡ ግልባጩን በፋይል ያስቀምጣሉ፤ ፋይሉም እኛ ቤት ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ አቧራ ስጠርግ አወረድኩትና እስቲ የተማርኩትን ልፈትሽ ብዬ ከፈትኩት። በጣቴ እየተከተልኩ ያነበብኩት ይኸውልህ፦ «ጉዳዩ፦ የትምህርት ክፍል ምርጫን ይመለከታል። ቤተሰቡ ተወያይቶ በወሰነው መሠረት የሂሳብ አያያዝን በአንደኛ ምርጫነት እንድትሞላ እያሳሰብን፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ለሚደርሰው ችግር ቤተሰቡ ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን እንገልጻለን።» ኧረ የአምላክ ያለህ! ለልጅ ነው ወይስ ከሥራ ለሚባረር ሰው?

ላባዬ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። እኔ ያልኳቸው፣ ወፍ እንደሚወድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሱሪውን ባጠብኩ ቁጥር ከኪሱ ላባ ስለቅም የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ግን ፈርቻለሁ በሉት ነው። አባቱ አንድ ቀን ሠርቶ አምስት ቀን የግንበኝነት ቱንቢውን ይዞ በር ላይ የተቀመጠበትን ዘመን አልረሳሁትም በሉት። ብቻ እሱ አስቦ ያለው ይሁን፣ እኔ ከኋላው ነኝ በሉት። ይኸው ነው ያልኩት። ጽፈው ሲጨርሱ ያነበቡልኝም ይህንኑ ነው! ወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር ወረቀቱን እያዩ እንዴት እንዳነበቡት እሳቸው ይወቁ።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ቤታቸው ሄድኩ። ፋይሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት። በመጀመሪያ፣ በቃል የሚባልና በጽሑፍ የሚሰፍር ነገር ይለያያል አሉኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው አነሰና፣ ልጁ እንደ ወንድሜ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ ከማይ እኔን ቢጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው አሉ። ልቆጣቸው ሄጄ አንጀቴን በልተውኝ ተመለስኩ። አንተም አትቀየማቸው። ያጠፉት ስለሚወዱህ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ደግሞ በእሳቸው አላመካኝም። እሺ፣ የሂሳብ አያያዝን ሞልቻለሁ ብለህ የመለስክልን ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝም አልቀረ፣ በማግስቱ ልጄ የሂሳብ ባለሙያ ሊሆን ነው እያልኩ ማጠቢያ ቤቱን በሙሉ አዳረስኩት። በሐሳቤ ጠረጴዛ ሰጥቼህ፣ ክራባት አስሬልህ፣ ሸሚዝህንም ተኩሼ ጨርሼ ነበር። የወር ደመወዝ ያለው ልጅ! እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። አንተ ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ወፍ ታስገባለህ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ የሰፈረችውን፣ ምግብ ቤት ገብታ ፍርፋሪ የምትሰርቀውን። አጎትህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብለው ይዘሏታል፣ እኔ ደግሞ ወፏስ ወፏስ እያልኩ ጨቅጭቄ አስነብባቸዋለሁ። ያ እሺ ያልክበት ደብዳቤ የመጣ ጊዜ ወፏስ ስላቸው የለችም አሉኝ። ሰልችቷቸው ነው ብዬ አላመንኳቸውም። ግልባጩን ያነበብኩ ቀን ግን ደብዳቤህን አወጣሁና ራሴ ፈለግኳት። ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። የለችም። ለካ እውነታቸውን ነበር። አራት መስመር ብቻ ነው የጻፍከው፤ እማዬ እንኳ አላልከኝም፣ «የተከበራችሁ ቤተሰቦቼ» ነው ያልከው። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጅ እሺ ሲል እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ቅጹን እስከ ወሩ መጨረሻ መቀየር ይቻላል ብለህ ነበር። እኔ ወፉን ምረጥ አልልህም፤ ወፍ ለሚያጠና ሰው ማን ደመወዝ እንደሚከፍል ዛሬም አላውቅም፣ ፍርሃቴም የትም አልሄደም። ሂሳቡንም ምረጥ አልልህም። ራስህ አስበህበት ከሆነ እሰየው፣ ሸሚዙን እተኩሳለሁ። እኛን ፈርተህ ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ እንዳነበብክ ሄደህ ቀይረው። ፍርሃቱ የእኔ ነው፣ እኔው እፈራዋለሁ፤ አንተ ላይ ጭኜ መላክ አልነበረብኝም። ሥራ ብታጣ ቤት አለህ። አባትህም በር ላይ ብቻውን መቀመጥ ሰልችቶታል። እሱን ምን ትላለህ ብዬ ብጠይቀው፣ የሚማረው እሱ እንጂ እኔ ነኝ እንዴ ብሎ ፊቱን ወደ ሬዲዮው መለሰ። ዘንድሮ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው።

ያንተ ደብዳቤ ወፍ ስላልነበረው በእኔው ላይ አንዲት ላስገባልህ። ማጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ እንፋሎት ከሚወጣበት ቧንቧ ሥር ጎጆ ሠርታለች። ትንሽ ናት፤ ጀርባዋ አመድማ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፤ ጭራዋ ለአፍታ አያርፍም፣ ቁርጥ እህትህን። አንሶላ ስናሰጣ ገመዱ ላይ ሆና ታየናለች እንጂ አትሸሽም። ስሟን አጣቢዎቹን ጠየቅሁ፣ ዘበኛውን ጠየቅሁ፣ ደፍሬ ሁለት ሐኪሞችንም ጠየቅሁ። የሚያውቅ ጠፋ። የሚያውቅ ልጅ አለኝ፣ ጠይቄው እነግራችኋለሁ ብያቸዋለሁ።

አባትህ ሰላም ይልሃል፣ ወገቡም እንዲሁ። ትንሿ እህትህ የፊት ጥርሴ መውለቁን እንዳትረሺ ብላ ሦስቴ አስታውሳኛለች፤ በወለቀው በኩል ስማሃለች። አጎትህ እጅግ የከበረ ሰላምታቸውን ልከው፣ የእርምት ደብዳቤ በራሳቸው እጅ እንደሚጽፉልህ አስታውቀዋል። ጓደኛዬም አንተን አይታህ ሳታውቅ ናፍቀሃታል። እኔ ዓይኖችህን፣ ጉንጮችህን፣ ያን ቀለም የማይለቀውን ጣትህን ሁሉ እስማለሁ።

የምትወድህ
እማዬ

ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር ፭ ቀን

ግልባጭ፦ የለውም። ይህ ያንተ ብቻ ነው።