ከእናታችን አንገት የተቀዳው ረድፍ

ለወንድሜ ለዘመኑ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ኤልሳቤጥስ እንዴት ናት? ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማት የነበረው ተሻላት ወይ? የአብስራ ጥርስ አወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህን ጊዜ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየነከሰ ያስመርራችሁ ይሆናል። አከራያችሁስ እንደ በፊቱ ናቸው ወይስ ጠባያቸው ተሻለ? እኛ ለሰላምታ ያህል ደኅና ነን። ባለቤቴ ባዘዘው ጉልበቱን ከሚያመው በቀር ደኅና ነው። ላሟ ወልዳለች። ገብሱም ከፈራነው ይሻላል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ግን ወግ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልኬን ማንሣት ከተውክ አምስት ሳምንትህ ነው። መልእክቴንም እያየህ ዝም ትላለህ፤ ማየትህን ስልኩ ራሱ ይነግረኛል። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። የአውቶቡሱ ሾፌር ሐምዳን በእጅህ ሳያስጨብጥህ እንዳይመለስ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ የረሳኸው ይመስለኛልና። ቱሪስት ጠፍቶ ሱቄ ውስጥ ያለው ዕቃ አቧራ ሲለብስ የደወልክልኝ አንተ ነህ። አዲስ አበባ እንጨት በሌዘር የሚቆርጥ ማሽን በሰዓት የሚያከራይ ቤት አግኝቻለሁ፤ አንቺ ንድፉን ላኪልኝ፤ ጉትቻና ሐብል ሠርተን ባዛር ላይ እንሸጣለን አልከኝ። ንድፍ ከየት ላምጣ ብዬ ስብሰለሰል ዓይኔ እናታችን አንገት ላይ አረፈ። ንቅሳቷን ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው ኖረን አንድም ቀን አስተውለነው አናውቅም።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ አስቀምጫት፥ ስስ ላስቲክ አንገቷ ላይ አድርጌ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። መጀመሪያ ስቃብኝ፥ የአሮጊት አንገት ማን ይገዛል ብላ ነበር። ኋላ ግን ደስ አላትና አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቀኝ ጀመር። አምስት ረድፍ ነው። አራቱን ውሰዱ፤ ለእናንተ ካልሆነ ለማን ይሆናል አለች። አምስተኛውን፥ ታችኛውን፥ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ግንድ የተያያዙት ቅጠሎች ያሉበትን ግን ተዉልኝ አለች።

ያ ረድፍ የእሷ ብቻ አይደለም። ኩልመስክ ውስጥ ልጃገረድ ሳለች ከባልንጀራዋ ከፀሐይቱ ጋር ሆነው ራሳቸው ያወጡት ነው። ሁለቱም ለየአገሩ ሊዳሩ ሲሉ በአንድ ቀን፥ በአንድ መርፌ፥ በአንድ ጥላሸት ተነቀሱት። ፀሐይቱ በሰባ ሰባቱ ረሃብ መጠለያ ውስጥ ሞተች። የከፈነቻት እናታችን ናት። ግማሹ አፈር ገብቷል፤ እኔ ጋ የቀረው አደራ ነው አለችኝ።

እኔ ሞኟ ግን አምስቱንም ነድፌ ላክሁልህ፤ ሙሉውን ካላየ አሠራሩ አይገባውም ብዬ። ከአምስተኛው ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ይህ አይቆረጥም» ብዬ ጻፍኩበት። ምክንያቱንም በስልክ አንድ በአንድ ነገርኩህ። እሺ አልከኝ፤ እንዲያውም ድምፅህ ተለውጦ ነበር። እናቴ ምስኪን አልክ። አልዋሽህም፥ ጥፋቴን ስፈልግ ሁልጊዜ እዚያ ላይ እደርሳለሁ። አራቱን ብቻ ብልክልህ ኖሮ የምትወስደው አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ የቆረጥከውን በካርቶን ትልክልኛለህ፤ እኔ ማሽኑ ያጠቆረውን ጠርዝ በጥርስ ብሩሽ እፍቃለሁ፥ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፥ የተልባ ዘይት ቀብቼ ሽቦውን አስገብቼ መልሼ እልክልሃለሁ። ጣቴ ጠቁሮ ቀረ፤ ሰው ስጨብጥ አፍራለሁ። ቢሆንም ሥራውን ወደድኩት። ቤታችንንም ያቆመው እሱ ነው፤ አልክድም። በዚያ ሁሉ ካርቶን ውስጥ አምስተኛው ረድፍ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ለካ እሱን እዚያው በሌላ ሰው እጅ ታስጨርሰው ኖሯል። እኔ እንዳላየው ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ለገና እናታችን ቤተ ማርያም ቆማ ሳለ፥ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ አጠገቧ ቆመች። ጆሮዋ ላይ የፀሐይቱ ቅጠል ተንጠልጥሏል። እናታችን እጇን ሰድዳ ያዘችው። ልጅቷ የወደደችላት መስሏት ፈገግ አለች፤ የሸጠላት ወጣት የላስታ ሙሽሮች በሠርጋቸው ዋዜማ የሚነቀሱት የደስታ ምልክት ነው እንዳላት አጫወተቻት። ያ ወጣት አንተ ነህ። ከዚያ እማማ ይውሰዱት ብላ አንዱን ከጆሮዋ አውልቃ ሰጠቻት። ልጅቷን አልቀየምኳትም፤ ከእኔም ካንተም እሷ ትሻላለች።

እናታችን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችው። ከብርጭቆ ወረቀቴ አጠገብ አስቀምጣ «ያንቺ እጅ አለበት?» አለችኝ። አላለሰለስኩትም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ግን የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም።

ያን ዕለት ስደውልልህ ያልከኝን ታስታውሳለህ? መስመር እኮ ነው፤ ከሁሉ የሚፈለገው እሱ ነው፤ እሷ እዚያ ሆና እንዴት ታየዋለች ብዬ ልገምት አልከኝ። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎህ፥ ውጭ አገር የሚልክ ሱቅ ይህንኑ ረድፍ ብቻ በብዛት አዞኛልና በማለስለሱ እርጂኝ አልክ። ዓይንህን በጨው አጥበህ። ዘጋሁብህ፤ አንተም ከዚያ ወዲህ ዘጋህብኝ።

እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትከናነባለች። ጥምቀትን ቤት ዋለች። የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ኪዳን መጥተው አንቺ ላይ ኃጢአት የለብሽም፥ ያላወቅሽው ነገር ነው አሏት። እሷ ግን ለእግዚአብሔር ተናግሬያለሁ አባቴ፥ የቀረኝ አረጋ ነው አለች። አያ አረጋ የፀሐይቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከዚያ ቤት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በጥር መጨረሻ መንገዱ ሰላም ሲሆን ኩልመስክ አብሬያት ሄድኩ።

ከመኪና ወርደን አጥራቸው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ትመርጥ ጀመር። ትንንሹን ባሳያትም እያለፈች ጉልቻ የሚያህል አነሣች። ነጠላዋን ገልጣ እዚያው አንገቷ ላይ ጫነችው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፥ ዘመኑ። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ «ያንቺን አንቺ ፈልጊ» አለችኝ። እኔም ፈልጌ ተሸከምኩ። እናትና ልጅ ጎብጠን በሰው ደጅ ገባን።

አያ አረጋ ሲያዩን ደነገጡ፤ ደም ፈሰሰ ወይ ብለው ጮኹ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነፍስ ያጠፋ ነው እንጂ ጉትቻ የሸጠ መቼ መጥቶ ያውቃል። እናታችን እንደ ጎበጠች ነገሩን ነግራ ጉትቻውን ሰጠቻቸው። ዓይናቸው ደክሟል። በአውራ ጣታቸው ቅጠሎቹን እያንዳንዳቸውን ዳበሱ። ከዚያ «የፀሐይቱ ፎቶ የለንም። መልኳም ከጠፋኝ ቆየ። ይቺን ግን በጨለማም አውቃታለሁ» አሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው የእሷን ድንጋይ አወረዱ፤ ቀጥለው የእኔን።

ተነሥተን ስንቆም «የቆረጠውስ የት አለ?» አሉ።

እናታችን ወዲያው «ታሞ ነው» አለች። ሳታቅማማ፥ ዘመኑ። ይቅርታ ባገኘችበት ደጅ ላይ፥ የድንጋዩ ጭረት አንገቷ ላይ እንዳለ፥ ላንተ ብላ ዋሸች። ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም ምላሴን ዋጥኩ። አያ አረጋ ፊታቸው ተለወጠ፤ ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ፥ የታመመ ልጅ ይወቀሳል ወይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉትቻውንም አልመለሱልንም፤ እሷም አልጠየቀች።

እንግዲህ የምልህን ስማ። ያንን ረድፍ ከኮምፒውተርህ አጥፋው፤ ላዘዘህም ሱቅ የለም በለው። የተሸጠው አይመለስም፤ በየከተማው ስንት ጆሮ ላይ እንዳለ አንተም አታውቅም። እኔ ብሩሼን ሰቅያለሁ። አራቱንም ረድፍ ቢሆን ከእንግዲህ አላለሰልስልህም፤ ከምን እንደምንኖር ባላውቅም። ወንድሜ ስለሆንክ አልጠላህም፤ ቢቻለኝ ግን ይህን ሰሞን እጠላህ ነበር። ደግሞ ኩልመስክ ትሄዳለህ። እዚያ ስትደርስ ታምሜ ነበር ትላለህ ወይስ እናቴ ዋሽታ ነው ትላለህ? እሱን አንተ ታውቃለህ።

ኤልሳቤጥን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ወረቀት ብታሳያት ደስ ይለኛል፤ እንደማታሳያት ግን አውቃለሁ። የአብስራን ጉንጩን ሳምልኝ። ባዘዘው ሰላም ይልሃል፤ እሱ ስለ ነገሩ ላለመናገር ምሎ ነው የሚውለው። ቄስ ወልደ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታህ ብለዋል። አያ አረጋም ይማርህ ብለዋል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሐምዳን የሚሰጥህ ጠርሙስ የእሳቸው ነው። ለሕመምህ ብለው በዚያ ዓይናቸው ወንዝ ወርደው ራሳቸው የቀዱት ጠበል ነው።

ከአንቺ ምን ልጻፍለት ብዬ እናታችንን ጠየቅኳት። ጠበሉን በባዶ ሆዱ ይጠጣው በይው አለች።

እኅትህ ማኅሌት
ላሊበላ፥ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.