ሁለት ዓይነት ምላጭ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም አልመለስ አለ። ምላጩን ስቤ ስለቀው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ጠመንጃው ጥይት የለበትም።

የአባባ ሾትጋን እኔን በዕድሜ ይበልጠኛል። እጀታውን ወደ ኋላ ስበው የሚያጎርሱት ዓይነት ነው። እዚህ እንጅባራ የእንጨት መጋዘን የሚጠብቁት በእሱ ነው። ባለቤቱ ቅዳሜ መጥቶ የጥበቃዎቹን መሣሪያ አስተኩሶ ሊያይ ነው። ያልተኮሰለት ይሰናበታል።

"ይስጡኝ አባባ፣ ለምን ተማርኩ ታዲያ?" ያልኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ እስካሁን ሥራ የለኝም። ይኼ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ባሕር ዳር ላለው የክፍል ጓደኛዬ ለይኩን ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። "ምላጭ በሚኒባስ ላክልኝ፣ ደህናውን" አልኩት። "ቀላል ነው" አለ።

ማክሰኞ

ዕቃው መጣ። አንድ ፓኬት የጢም ምላጭ።

"እኔም እንጅባራ ምላጭ ጠፋ እንዴ ብዬ ገርሞኝ ነበር" ይለኛል ለይኩን በስልክ። አባባ ፓኬቱን አገላብጠው አዩና "ጢሜን አይተህ ነው?" አሉኝ። እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ

ለይኩን ክሶኛል። ከሌላ አሮጌ ሾትጋን የተነቀለ ምላጭ፣ ምላጩን የሚመልስ ሞላ፣ ሁለት ፒን። ፒኖቹ ገቡ። ሞላው ገባ። ምላጩ ለጥቂት እምቢ አለ። ሞረድኩት። ገና ነው። ደግሜ ሞረድኩት። ገባ።

ስቤ ለቀቅሁት። ቀጭ። ተመለሰ።

"ሰሙ አባባ?"

"ሰማሁ ልጄ።"

ዛሬ መሐንዲስ ነኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ባዶውን ሾትጋን በሰደፉ መሬት ነካ አደረግሁት። ምላጩን ሳልስበው ጥይት መቺው ወረደ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ወረደ።

ምላጩን ከነማቀፊያው በጨርቅ ጠቅልዬ ዳንግላ ሄድኩ፣ ጋሽ አየነው የሚባሉ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ።

"ይችን ጥርስ ማን ሞረዳት?"

"እኔ።"

"ምን ተምረሃል?"

ነገርኳቸው።

"እንዳይገባ የከለከለህ ጎኑ ነበር። አንተ መቺውን የሚይዝበትን ጥርሱን በላኸው። ሌላ እስኪገኝ ወርም አይበቃም። ጥይት ከጎረሰ ሰው ይገድላል፤ ላባትህ ንገር።"

የመጀመሪያው ምላጭስ አልኳቸው፣ ከኪሴ አውጥቼ። ተሰንጥቋል አሉ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ማንገቻውን ቅባት ሲቀቡ ዋሉ። ሰደፉን ወለወሉ። ምላጩን ትናንት ማታ መልሼበታለሁ፤ ዝም ብል ነገ ያጎርሱታል።

አመሻሹ ላይ ተናገርኩ።

"ቀጭ ያለውስ?" አሉኝ።

"ውሸቱን ነው።"

ሾትጋኑን ወስደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት አባባ መስታወቱን መስኮቱ ላይ አቆሙ። ከለይኩን ፓኬት አንዷን አውጥተው ጢማቸውን ተላጩ። "ይችኛዋስ ትሠራለች" አሉ። ሾትጋኑን ግድግዳው ላይ ትተው ባዶ እጃቸውን ወጡ፣ ለባለቤቱ በራሳቸው አፍ ሊነግሩት።

"ልምጣ አባባ?"

"ሞረድህን ይዘህ?"

ቀልድ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። አገጫቸው ላይ ትንሽ ደም ነበረች፤ ሳልነግራቸው ሄዱ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ከመጋዘኑ በኩል የተኩስ ድምፅ ይሰማል፣ የሌሎቹ ጥበቃዎች ነው። እስካሁን አራት ቆጠርኩ። አባባ አልመጡም።