ለሽማግሌው የተተወ ኳስ

ጥር 2

ዛሬ ጭቃ አቡክተን ገባን። ሌሊቱን ያለ ወሩ ዝናቡን ሲያወርደው አድሮ ሜዳው ሜዳ አልነበረም። ልምምዱ ይቅር ብል ማን ይሰማኛል... ምክትል አሰልጣኝ ማለት ኳስ ሰብሳቢ ማለት ነው። እንደፈራሁት ትልቁ ተከላካያችን ተንሸራቶ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ወጌሻው ጎንበስ ብሎ ነካካውና ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን አውቀዋለሁ። ለዘንድሮ አለቀለት ማለት ነው።

ሌላኛው የመሐል ተከላካይ ቀይ ካርዱን ታቅፎ ቤቱ ተቀምጧል። የቀሩት ሁለት ልጆች ዕድሜያቸው ቢደመር እኔን አያክልም።

ዋናው አሰልጣኝ መልበሻ ቤት በር ላይ ያዘኝ። «መሐል ላይ ሰው የለንም» አለ።

«የለንም።»

«መዝጊያው አሁን ምን ላይ ነው?»

መዝጊያው የእህቴ ባል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የኔ ጥንድ ነው፤ እኔ በቀኝ እሱ በግራ፣ መሐል ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነው ያረጀነው። ስሙን ያወጣለት ደጋፊው ነው። እኔ ቀድሜ ጫማ ሰቀልኩ። እሱን ክለቡ ኮንትራቱን ሳያድስለት ሸኘው፣ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በሜዳው በኩል ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

«እንደ መጠባበቂያ ነው» አለ ዋናው። «ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ፣ የቸገረ ቀን ይግባ። ቤቱን ያውቃል፣ ማስተማር አያሻውም። አንተ ምን ትላለህ?»

ላስብበት አልኩት። ምን የሚታሰብ አለው? ደስ ብሎኝ ነው እኮ አፌ የተያያዘው።

ጥር 4

እሁድ። ምሳ እህቴ ቤት። አላስቻለኝም፣ ገና እጄን ሳልታጠብ ነገርኩት።

ሳህኑን ገፋ አደረገ። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ታኬታዬ የት ነው ያለው?» አላት እህቴን።

«የት ይሄዳል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ» አለች። እኔን አላየችኝም።

«ተስፋህን አታብዛ፣ ለወንበር ነው» አልኩት፣ ኋላ እንዳይከፋው ብዬ።

«ወንበርም ቢሆን የክለቡ ወንበር ነው። ለመሆኑ ምን አሉ?»

«እያሰቡበት ነው።»

«አንተ ካለህ ችግር የለም።»

ምሳውን ሙልጭ አድርጎ በላ፣ ጨመረም። እህቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ አፏን ከፈት አደረገችና «ቀስ ብለህ ንዳ» ብላ ተመለሰች። ምን ልትል ነበር?

ጥር 7

ወሬው ወጥቷል። ማን እንዳወጣው እንጃ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ «ያረጀ ተከላካይ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?» አለኝ። እንዲህ ተይዞ ምን ይመለሳል? ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ተቆጣ። «በግንባሩ ቴስታ እንደሱ የሚመታ አሳየኝ» አለው። «ቴስታ ብቻ ምን ያደርጋል፣ ዞሮ እስኪሮጥ አጥቂው ቤቱ ገብቶ ይተኛል» አስተካካዩ። «አንተ ኳስ መቼ ታውቃለህ!» ሰውዬው። ክርክሩ ሲጦፍ ግማሽ ጭንቅላቴ ሳይነካ ቀረ። ኮፍያ አድርጌ ነው ቤት የገባሁት። እየሳቅኩ።

ጥር 9

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ ደጋፊው ይወደዋል አለ። የአካል ብቃት አሰልጣኙ፣ ሁለት ዓመት ያልተጫወተ ሰው ክለብ ሳይሆን ወጌሻ ነው የሚያስፈልገው አለ። ትንሽ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ለምን ይመለሳል ከተባለ መልሱ ቀላል ነው አልኩ... ልጆቹ አጠገቡ ሲቆሙ አይፈሩም። እኔ ራሴ አጠገቡ ቆሜ ፈርቼ አላውቅም።

ዋናው «አምጣውና እንየው» አለ። የተጫዋች ዝውውሩ ወር ሳያልቅ ይዘጋል።

ጥር 12

መዝጊያው ለልምምድ ዘገየ። እሱ! ለልምምድ ሁሌ ቀድሞን የሚደርስ ሰው። ሲመጣ ላብ በላብ ነው። «እግሬ ዝም ብሎ ወደ ድሮው ሜዳ ወሰደኝ» አለ እየሳቀ። ድሮው ሜዳ ላይ መጋዘን ከተሠራ ቆየ። እኔም ሳቅኩ። የለመደ እግር ነው አልኩ።

ከዚያ ግን... ልቤን ሞላው። ሮጠ። ነጠቀ። የአንዱን ፈጣን ልጅ መንገድ ቀድሞ ዘጋበት፣ ልጁ መውጫ አጣ። ዋናው ጎኔን በክርኑ ነካ አድርጎ «ይሄ ሰውዬ ገና ነው እኮ» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ከቀኝ መስመር ኳስ ተሻማ። ለመዝጊያው ግንባር ልክ የመጣ ኳስ፣ ተኝቶም የሚመታው። አልዘለለም። ክንዱን ዘርግቶ አጥቂውን በጀርባው ገፋና ራሱን ዝቅ አደረገ። ኳሱ በላዩ አልፎ ሄደ። ከኋላ የመጣው ልጅ አስገባው።

መዝጊያው ወደ ጎሉ ዞሮ ጮኸ። «ሽማግሌው! ተወው ብለኸኝ የት ቀረህ?»

በረኛችን ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ማንም ተወው አላለም። ተጫዋቾቹ ሳቁ፣ ዋናውም ሳቀ። ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

ሽማግሌው የድሮ በረኛችን ነው። ኳስ ሲሻማ «ተወው!» ይላል፤ መዝጊያው ጎንበስ ብሎ አጥቂውን በጀርባው ይይዛል፤ ሽማግሌው ከላይ ይለቅማል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ሽማግሌው አምና በመኪና አደጋ ሞተ። አስከሬኑን ከፊት የተሸከመው መዝጊያው ነው። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ቀልዱን ነው» አልኩት ዋናውን።

ጥር 13

ቀልድ አይደለም። ሲቀልድ ፊቱ እንደዚያ አይሆንም።

ጥር 15

እህቴ መለማመጃ ሜዳ ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝ» አለች።

እየረሳ ነው። መጀመሪያ ስም ነበር፣ ከዚያ መንገድ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ጎረቤት እጁን ይዞ አመጣው። ሐኪም ቤት ወስዳዋለች። ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ምት ነው አሏት፤ ቴስታው፣ ግጭቱ፣ የዓመታት ጥርቅም። ከዚህ በኋላ ራሱን በኃይል ቢመታ ላይነሳ ይችላል። ኳስ የሚባል ነገር እንዳይነካ።

«እሱስ ያውቃል?»

«ሐኪሙ ነግሮታል። እኔም ነግሬዋለሁ። ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ በማግሥቱ የለም።»

«ያን እሁድ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲበላ አላየኸውም? ከስንት ጊዜ በኋላ እንደዚያ የበላው መሰለህ?»

መሪውን ይዤ ፊት ለፊት አየሁ።

«እንዳይፈርም አድርግልኝ» አለች። «ምክንያቱን ግን ለማንም እንዳትናገር። ጭንቅላቱ ተነካ ሲሉት መስማት አልችልም። ስንቱ ያጨበጨበለት ጭንቅላት ነው።»

እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጥር 17

ዋናው ጋ ገባሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። «አንተ ካልክ ዛሬ እጠራዋለሁ» አለኝ።

«ይቅርብን» አልኩ።

«ለምን?»

«እግሩ አልቋል።»

«ምን ነካህ? በዓይኔ አየሁት እኮ።»

«አንድ ቀን ነው ያየኸው። እኔ አብሬው ኖሬያለሁ። እግሩ አልቋል።»

ብዙ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። «የእህትህ ባል አይደል?» አለ።

«ለዚህ ነው የምነግርህ።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ የቡድኑ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። መዝጊያው ሁሉም ላይ አለ፣ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ጥር 19

ልምምድ ሊያልቅ ሲል መዝጊያው መጣ። ሰላም አላለኝም።

«እግሩ አልቋል አልክ?»

ማን ነገረህ አላልኩም። ክለብ ውስጥ ወሬ እግር አለው። ጃኬቱን አውልቆ አግዳሚው ላይ ወረወረና የተመልካቹን ደረጃ መሮጥ ጀመረ። እስከ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ተጫዋቾቹ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመው ያዩታል። ወጌሻው አንገቱን አቀረቀረ። ፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ደረቱ እየዘለለ።

«የትኛው ነው ያለቀው? ቀኙ ነው? ግራው ነው? አሳያቸው።»

አፌ ድረስ መጣ። እግርህማ ምን ሆነ፣ ልለው። ዋጥኩት።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አልኩ።

«ቀንተህ ነው። እኔ ሜዳ ስገባ ዳር ቆመህ ማየት አቃተህ። ይሄን ያደረገኝ ባዳ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር።»

ሄደ። መጀመሪያ ወደ መልበሻ ቤቱ፣ ቀጥሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ጎን፣ ከዚያ ተመልሶ በአጠገቤ አለፈ። መውጫውን እየፈለገ ነው። ልጠቁመው እጄ ተነሳ፣ መለስኩት። ወጌሻው ሮጦ ደረሰበት።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄን የሚያህል ሰውዬ።

ጥር 24

ዝውውሩ ትናንት ተዘጋ። ከታችኛው ሊግ አንድ ልጅ አመጡ። ደህና ይመስላል። ያሰልፉት አያሰልፉት፣ እኔ ምን አገባኝ።

የካቲት 2

እሁድ። ምሳ ብቻዬን በላሁ። እህቴ ደወለች። «ስምህን ሳነሳ ከክፍሉ ይወጣል» አለች። «በአንተ ላይ ሲሆን አይረሳም። ምን ዓይነት ነገር ነው?»

ምናለ ይሄንንም በረሳው አልኩ። በቀልድ። አልሳቀችም።

የካቲት 15

በሜዳችን ተሸነፍን። በተሻማ ኳስ። አዲሱ ልጅ ቆሞ ሲያይ ከላዩ መቱት። ደጋፊው የድሮውን የመዝጊያውን ዘፈን ጀመረ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። ለቡድኑ አይደለም፣ ለኔ ነው የሚዘፍኑት። ወንበሬ ላይ ሆኜ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ። ፈትቼ አሰርኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ተገልብጧል። «በገዛ ሰውህ ላይ ጨከንክ» አለኝ። ያረጀ ተከላካይ ምን ያደርጋል ያልከው አንተ አይደለህም ወይ? ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሌላ ፀጉር ቤት እፈልጋለሁ።

የካቲት 28

በመኪና በራቸው አለፍኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። እጁን ያነሳልኝ መሰለኝ። ፀሐዩን እየከለለ ነው።

መጋቢት 4

ደወለ። ራሱ!

«አማች፣ የት ጠፋህ? እሁድ ምሳ አትመጣም?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ይቅር አለኝ። ይቅር ባይነቱን ድሮም አውቀዋለሁ፣ ሜዳ ላይ ተሰዳድበን ሻወር ስር እንታረቅ ነበር። እህቴ ነግራው ይሆን? ነግራው ገብቶት ይሆን? ምን እንደምለው አሰብኩ። ለአንተ ብዬ ነው አልለውም። ይቅርታ ብቻ እለዋለሁ። ሸሚዝ ተኮስኩ።

መጋቢት 7

እሁድ። በሩን እሱ ከፈተልኝ። አቀፈኝ፣ እንደ ድሮው አጥንት በሚሰብር እቅፉ። ከስቷል። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች።

በላን። ስለ አዲሱ ልጅ ጠየቀኝ፣ አማረረ፣ «ቁመቱ ምን ሊሠራለት ነው?» ብሎ አሳቀኝ። ደስ ብሎኛል። ያዘጋጀሁትን ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ስለዚያ ነገር...» አልኩ።

«ስለ የቱ?»

«በጥር... ደረጃው ላይ...»

ግንባሩን ቋጥሮ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ቂም ፈለግኩ። ምሬት ፈለግኩ። ትንሽ እንኳ ቢሆን። ምንም የለም።

«እሱን ተወውና» አለ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ምን አሉ? ዋናው ምን አለ?»

እህቴ ሳህን እያነሳች ነበር። እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ከወንበሩ ስር ታኬታውን ያየሁት። ተጠርጓል። አዲስ ማሰሪያ ገብቶለታል።

ይቅር አላለኝም። ይቅር የሚለኝ ነገር አልቀረለትም። ከቂሙ ጋር እኔም ያን ቀን የሆንኩት ሁሉ ወጥቶ ሄዷል። ይሄን ነበር በቀልድ የተመኘሁት።

«እያሰቡበት ነው» አልኩት።

ፊቱ በራ። «አንተ ካለህ ችግር የለም» አለ። እህቴ ሳህኖቹን ይዛ ገባች፤ ውኃው ሲከፈት ይሰማል፣ ሲታጠብ ግን አይሰማም።

በር ድረስ ሸኘኝ። መኪናዬን ሳስነሳ መስኮቱን አንኳኳ፣ ዝቅ አደረግኩለት።

«ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ» አለ። «ሲሻማ ድምፁን ከፍ ያድርግ በለው። ያን ቀን አልሰማሁትም።»

«እሺ» አልኩት። «እነግረዋለሁ።»