ከምስሉ ዳር ያለችው ሴት

አብሮ አደጌ፣ እንዴት ከረምክ? ዛሬ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ገብቼ እስከ ማሽን ክፍሉ ድረስ ወጣሁ። ፊልም አጫዋቿ ማሽኑን ስታስነሳ ሸራው ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ሸንበቆ ቀጥነው ታዩኝ።

«ምን ነክቷቸው ነው?» አልኳት።

«ሰፊው ምስል ጠባቡ ፊልም ላይ እንዲገባ የካሜራው ሌንስ ጨምቋቸው ነው» አለችና ማሽኑ ላይ ሌላ ሌንስ ገጠመች። ሰዎቹ ወደ ልካቸው ተመለሱ፤ ሜዳውም ግራና ቀኝ ተዘረጋ። ከዳር ባልዲ የያዘች ሴት አለፈች።

«እናቴ ናት፤ አላፊ አግዳሚ ሆና ሠርታበታለች። በቴሌቪዥን ሲያሳዩት ዳር ዳሩን ስለሚቆርጡት አትታይም» አለችኝ አጫዋቿ።

የሰፈራችን ሲኒማ ሸራ ጠባብ አልነበር? ስንቱ ሰው አምልጦን ይሆን! መልሳ ስታጫውትልኝ ሳላስበው ለእናትየዋ እጅ ነሳሁ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ሰፈሩን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ እናትህን ግን ካርዱን ከእጅህ ሳታስቀምጥ አገላብጠህ ሳምልኝ።